የአባትሽን ክርን ዛሬ አሳዪ፤ ሌላው ይደርሳል

ጥያቄው የመጣው ከአምባሰል ገጠር ነው። ጠያቂዋ እህታችን በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «አባታችን ገበሬ ናቸው። ጀርባቸውና ክንዳቸው ላይ ነጣ ያለ፣ የማያሳክክ ነገር ወጣባቸው። ጭርት ነው እየተባለ ቅባት ሲሰጣቸው ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። በኋላ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሥጋ ደዌ ነው ተባልን፤ የአሥራ ሁለት ወር ኪኒን ተጀመረላቸው። ሁለት ወር ወሰዱ። ሽንታቸው ቀላ፣ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀኝ ክርናቸውም ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛቸው ጀመር፣ ትንሿ ጣታቸው አልታዘዝ አለች። መድኃኒቱ ነው የጎዳኝ ብለው ከተዉት ሦስት ሳምንት ሆነ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ ዕቃቸውን እንለይ ወይ? ዘር ነው የሚሉም አሉ፤ ታናሽ እህቴን ለኒካህ የጠየቁት ሰዎች ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ዝም ብለዋል። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ሁሉንም እመልስልሻለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው። ዕቃውም ይቆይ፣ ኒካሁም ይቆይ። ክርኑ ግን አይቆይም። ይህን እያነበብሽ ያለሽው ጠዋት ከሆነ ዛሬውኑ፣ ማታ ከሆነ ነገ በመጀመሪያው መኪና አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ በዚህ በሽታ ሕመምተኛን ቶሎ ና ብዬ የምጨቀጭቀው ለቆዳው ብዬ አይደለም፣ ለነርቭ ነው።

ክርናችን ውስጥ በኩል ስንጋጭ እስከ ጣታችን ድረስ የሚነዝረን ቦታ አለ አይደል? እዚያ ላይ ከቆዳ ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ። ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን የሚያዘው እሱ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። ስለዚህ ቆዳ ላይ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ ጆሮ ጫፍ ላይ፣ ደግሞም ለቆዳ ቀረብ ብለው በሚያልፉ ነርቮች ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት ባክቴሪያው መኖሩን ዘግይቶ ሲያውቅ ይቆጣል፤ ነርቩም ያብጣል። ነርቩ የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። ቀለበት ያደረገ ጣት ሲያብጥ ቀለበቱ እንደሚያንቀው ሁሉ፣ ነርቩም እዚያው ይታነቃል። የአባትሽ የሌሊት ሕመምና የጣቷ እንቢ ማለት ይኸው ነው የሚመስለው። እኛ ሪአክሽን እንለዋለን።

ሪአክሽን መድኃኒት ሳይጀመር ሊመጣ ይችላል፣ መድኃኒት እየተወሰደም ይመጣል፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ይመጣል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱ መርዝ ሆነ ማለትም አይደለም። አባትሽ ግን ሁለቱን አገናኟቸው። አልፈርድባቸውም፤ ኪኒን በጀመርክ በሁለተኛው ወር ክንድህ ቢከዳህ አንተም ኪኒኑን ነው የምትጠረጥረው። እዚህ ላይ የኛ የባለሙያዎቹም ድርሻ አለበት። ካርዱን፣ ማለትም የወሩ ኪኒን የተደረደረበትን ማሸጊያ፣ ሰጥተን «በየቀኑ ዋጡ» ብለን እንሸኛለን፤ «እጅዎን ወይም እግርዎን ካመመዎት፣ ከደነዘዘዎት፣ ነጠብጣቡ ቀልቶ ካበጠ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንዘላታለን፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት እንግዲህ እጅ የምታተርፈው።

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ነው። እብጠቱን ያበርዳል። ለወራት ይወሰዳል፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። የነርቭ ጉዳቱ ከስድስት ወር በታች ከሆነ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ብዙ ተስፋ ማድረግ አይቻልም፤ ጣቶቹ ታጥፈው ይቀራሉ፣ ስሜቱም አይመለስም። ለአባትሽ ገና ሳምንታት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።

ኪኒኑን ግን ራሳችሁ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው። ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያስነሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ይቀሰቅሳል፤ የአንጀት ትልም ካለ ነገሩን ያባብሰዋል። እነዚህ ሁሉ ቀድመው ይታያሉ። በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው። እስክትደርሱ ድረስ ክንዳቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሉት፣ ዶማና ማረሻ አያንሱ።

አንድ ነገር አደራ፤ ወጌሻ ክርኑን እንዳያሸው። የተሰበረ አጥንት ላይ የተመሰገነ ወጌሻ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ግን ስብራት አይደለም፤ ያበጠ ነርቭ ሲታሽ ይብሳል። መተኮስም እንደዚያው። ፍል ውሃም አይግቡ። ጠበል ነው፣ ዱዓ ነው፣ ወዳጃ ነው፣ እኔ ማንንም ከልክዬ አላውቅም፤ ከኪኒኑ ጋር ጎን ለጎን ይሁን። ፍል ውሃ ግን ሌላ ነው፣ ምክንያቱም የደነዘዘ እግር ውሃው እንደፈጀው አያውቅም። ከፍል ውሃ መልስ የእግሩ ቆዳ እንደ ካልሲ ተገፎ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሰውየው ያወቀው ሌላ ሰው ሲጮህ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ካርዱ ውስጥ ያሉት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፦ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል። ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በወር አንዴ በምትዋጠዋ ቀን ይታይና ይጠፋል። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፣ ያደርቃልም። ይሄኛው ትንሽ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ሰፈሩ «ምን ሆነው ነው?» ማለት ይጀምራል። ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ግን በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል፤ እስከዚያው ቫዝሊን ይቀቡ። ዳፕሶን ግን አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል፦ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን። ያኔ መድኃኒቱን አቁሞ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። አንቺ ከጻፍሽው ውስጥ ይህ አይታየኝም።

ስለዚህ ኪኒኑ ይቀጥላል። ሦስት ሳምንት ማቋረጣቸው ጥሩ አይደለም፣ ግን ሁሉ ነገር ከዜሮ ይጀመራል ማለትም አይደለም። የአሥራ ሁለት ወሩ ሕክምና በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ከተሟላ ይቆጠራል። በ2014 በጦርነቱ ወራት፣ የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ከዚህ የበለጠ ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ።

ዕቃ መለየት ላይ ደርሰናል። አትለዩ። ማንኪያው፣ ሲኒው፣ ትሪው፣ የመስገጃው ምንጣፍ፣ ሁሉም እንደነበረ ይሁን። ሥጋ ደዌ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ያልታከመ ሰው ከአፍንጫና ከአፉ ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ነው፤ እሱም ለረዥም ጊዜ በቅርብ አብሮ ለኖረ። ለዚያውም ከሰው ልጅ 95 በመቶ ያህሉ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፣ ባክቴሪያው ቢገባበትም አይታመምም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በቀናት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። አባትሽ ሁለት ወር ወስደዋል። በልጆቹ ላይ አደጋ ነበር ከተባለ፣ አደጋው ጭርት ነው ተብሎ ቅባት ሲቀቡ በነበሩባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ነበር እንጂ አሁን ትሪ በመለየት የሚድን ነገር የለም። ትሪ የተለየበት ሰው ግን ምን እንደሚሰማው ታውቂዋለሽ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑንም ይደብቃሉ፣ ክሊኒክም መምጣት ያፍራሉ።

ለልጆቹ የምታደርጊው ሌላ ነው። ሁሉንም ይዘሽ ሂጂ፣ ያስመርምሯቸው። እዚያ እስክትሄጂ አንቺም ማየት ትችያለሽ። ቀን፣ ደጅ ላይ፣ በብርሃን፣ ልብሳቸውን አውልቀሽ፣ ጀርባና መቀመጫ ሳይቀር ተመልከቺ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካገኘሽ ልጁን ዓይኑን አስጨፍኚውና በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጊው፤ የነካሽውን ቦታ በጣቱ ያሳይሽ። ጤነኛው ቆዳ ላይ እያሳየ፣ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ ያ ለሐኪም ይበቃል። ጭርት ያሳክካል፣ ይላላጣል። ቋቁቻ ስሜት አያጠፋም። ለምጽ ደግሞ እንደ ወተት የነጣ ነው፣ ስሜቱ ሙሉ ነው። የአባትሽ ነገር በዚያች ጥጥ የዛሬ ሁለት ዓመት ይለይ ነበር። የጥጡ ዋጋ ስንት ነው?

በሽታው ቀርፋፋ ነው። ባክቴሪያው አንዴ ለመራባት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፣ ለዚህም ነው ከተላለፈ በኋላ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት የሚወስደው። ስለዚህ ልጆቹ ዛሬ ንጹሕ ናቸው ቢባልም በየዓመቱ ለአምስት ዓመት ያህል መታየት አለባቸው። አብረው ለሚኖሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሪፋምፒሲንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. መክሮታል፤ የመያዝን ዕድል ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። እናንተ ጋ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ።

«ዘር ነው» ለሚሉት፣ አይደለም። ባክቴሪያውን ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። ዘር የሚያስመስለው አንድ ቤት የሚያድሩ፣ አንድ አየር የሚተነፍሱ ሰዎች ላይ ስለሚታይ ነው። አንድ ክፍል ጎጆ፣ ብዙ ሰው፣ የሚበላ የሚያንስበት ዘመን፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ። በሽታው የሚመላለሰው እዚያ ነው። በአገራችን አሁንም በየዓመቱ ሦስት ሺህ አካባቢ አዲስ ሕመምተኛ ይገኛል፣ አብዛኛው የገጠር ሰው ነው፤ ከአሥሩ ቢያንስ አንዱ ሲመጣ እጁ ወይም እግሩ ወይም ዓይኑ ተጎድቶ ነው። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ዘግይተው ይመጣሉ። ባሏ እንዳይፈታት ስትደብቅ የከረመች ሴት ታሪክ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም።

የቦሩ ሜዳን ጉዳይ ታውቂዋለሽ። ሰው ስሙን ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚለው የአፄ ዮሐንስና የምኒልክ ዘመኑ የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ለእኛ ሙያ ሰዎች ግን ሥጋ ደዌ ነው። ሆስፒታሉ በሚሲዮኖች የተጀመረ ነው፣ ዛሬ ሁሉን የሚያክም ሆስፒታል ሆኗል፤ ለቆዳ ሕመም ለቁንጭርም ሰው ከሩቅ ይመጣል። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ከሐረር ወዲያ ቢሲድሞ፣ አርሲ ውስጥ ጋምቦ፣ ሻሸመኔ፣ የሁሉም ታሪክ ይቀራረባል። በነዚህ ቦታዎች ዙሪያ የተሠሩ ሰፈሮች አሉ። ሰዎቹ የመጡት ለሕክምና ነው። ያኔ ዳፕሶን ብቻውን ነበር የሚሰጠው፣ ለብዙዎቹም ዕድሜ ልክ። ሕክምናው አያልቅም፣ አገር ቤት ደግሞ አይቀበልም፤ መሬቱ ለወንድም ሆኗል፣ ሚስት ሌላ አግብታለች። እዚያው ጎጆ ቀለሱ፣ እዚያው ተጋቡ፣ እዚያው ወለዱ። ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ጤነኞች ናቸው፤ ዘር ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይምጣ?

በኋላ ባክቴሪያው ዳፕሶንን መልመድ ጀመረ። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይሰጡ አለ፣ እኛም አገር ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገባ። ዕድሜ ልክ የነበረው እያጠረ መጥቶ ወደ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ወረደ። ነፃ ነው፣ ካርዱ ሳንቲም አይጠየቅበትም። ነፃ ያልሆነው መኪናው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አይጽፍልሽም። ስለዚህ ክርናቸው ከተረጋጋ በኋላ ወርኃዊውን ካርድ በወረዳችሁ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱ እንዲያስተላልፏቸው ጠይቂ። ብዙ ቦታ ይቻላል።

ግሸን ስትወጪ መስከረም 21 መንገዱ ላይ፣ ወይም ጁምዓ መስጊድ ደጅ፣ ጣታቸው ያጠረ ሰዎች ተቀምጠው ታያለሽ። አብዛኞቹ ከበሽታው ከዳኑ ቆይተዋል፣ በማንም ላይ ምንም አያጋቡም። ጣትም በበሽታው ተቆርጦ አይወድቅም። የሚሆነው ይህ ነው፦ እጁ አይሰማውም፣ ጀበናውን ያለ ጨርቅ ያነሳል፣ ይቃጠላል፣ አያመውም፣ ሥራውን ይቀጥላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይገባል፣ አጥንቱ እየተበላ ያጥራል። ሌሊት ደግሞ አይጥ አለ። የደነዘዘ ጣት አይጥ ሲበላው አያስነሳም፤ ጠዋት አንሶላው ላይ ደም ታይቶ ነው የሚታወቀው። ሕመምተኞቼን ድመት አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

አባትሽ እዚያ እንዳይደርሱ ማታ ማታ አንድ ልማድ አስይዣቸው። እግርና እጃቸውን ለብ እንኳ ባላለ ውሃ ለሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ውሃውን ሌላ ሰው በእጁ ይሞክረው። የደደረውን ተረከዝ በእግር ድንጋይ ይሹት፣ በምላጭ አይቁረጡት። ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ይቀቡ። ከዚያ የልጅ ልጅ ይጥሩና የውስጥ እግራቸውን ይመልከትላቸው፤ ሽማግሌ ዓይን ከልጅ ዓይን አይሻልም። ቁስል ከተገኘ እግሩ ማረፍ አለበት፤ እየተረገጠ የሚድን ቁስል የለም። ጫማቸው ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ሚስማር ያለበት በረባሶ አይሆንም፣ ኮንጎ ጫማም አይሆንም። ከማጥለቃቸው በፊት አራግፈው እጅ አስገብተው ይዳስሱት። የሚዳስሰው ግን እጁ የሚሰማው ሰው ይሁን።

በሳምንት አንዴ ደግሞ ሦስት ነገር አሠሪያቸው። ዓይናቸውን ቀስ ብለው ይጨፍኑ፤ ክፍተት ከቀረ ልብ በይ። ትንሿን ጣታቸውን ወደ ጎን ይዘርጉና አንቺ ወደ ውስጥ ግፊያት፤ ትቋቋምሻለች ወይ? ተቀምጠው የእግራቸውን ጫፍ ወደ ላይ ያንሱ። ካለፈው ሳምንት ያነሰ ነገር ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ስለ እህትሽ ኒካህ እኔ የቆዳ ሐኪም እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ግን ጠይቀሽኛልና የሚመስለኝን ልበል። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ሲጋባ ኖሯል፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ሲከበር ኖሯል፤ እንዲህ ያለ አገር አንድ በኪኒን የሚድን በሽታ ሲሰማ «ዘራቸው ይጣራ» ማለቱ ይገርመኛል። እህትሽ ከተመረመረችና ከሌለባት የለባትም፣ ልጆቿም አይወርሱትም። ለሰዎቹ ደብዳቤ መጻፍም፣ መሐላም አያስፈልግም። ከእነሱ በኩል አንድ የሚሰማ ሰው ምረጡ፣ አባትሽ ከፈቀዱ ብቻ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብሯችሁ ይምጣና ሐኪሙን ራሱ ይጠይቅ። እኛ ጋ በዚህ መንገድ የተመለሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። አባትሽ ካልፈቀዱ ግን ሕመማቸው የራሳቸው ነው፣ ለኒካህ ብላችሁ አታውጡባቸው።

ረመዳን ሲመጣ ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። የቀኑ ኪኒን በቀን አንዴ ነው፣ ከኢፍጧር ምግብ ጋር ይውሰዱት። ፕሬድኒሶሎን ከተጀመረ ደግሞ ሆድ እንዳይነካ ከሱሑር ጋር፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ ከፍ ስለሚል ግን ስለ ጾሙ ቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

ስትሄዱ ያቋረጡትን ካርድ ከቀሪው ኪኒን ጋር ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት እንደቀረ ይቆጥሩታል። እንደገቡ «ክርናቸውን ያማቸዋል፣ ጣታቸው ደክሟል፣ ይህን ያህል ሳምንት ሆኗል» በይ፤ «ኪኒን ልንወስድ ነው» ብቻ ካልሽ ካርድ ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ካርዱ ከጠፋም ሂዱ፣ ስማቸው መዝገቡ ላይ አለ።